ፍላሽ ከመግዛትህ በፊት የካሜራህን አናት እይ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ ከጥቂት ዓመት በፊት የነበርኩበት ቦታ ነው የታየኝ። ካሜራህ ካኖን 250ዲ ነው፣ ሰርግ ልትጀምር ነው፣ ፍላሹን ከካሜራው አውርደህ በጎን በኩል ማብራት ትፈልጋለህ። ጓደኛህ ደግሞ «ርካሹን ዮንግኑኦ ከነትሪገሩ ውሰድ» ብሎሃል። ዮንግኑኦ የፍላሽ ምርት ስም ነው፣ ትሪገር ደግሞ ካሜራው አናት ላይ ተሰክቶ የራቀውን ፍላሽ በሬዲዮ የሚያበራው ነው። ጓደኛህን አትስማው። ክፉ አስቦ አይደለም፣ የሱ ካሜራ ሌላ ስለሆነ ነው።

1. አሁኑኑ ካሜራህን አውጣና ሆት ሹውን እየው። አናቱ ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ብረት አለ አይደል? በብዙዎቹ ካኖኖች ላይ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ነጥብ አለ፣ አጠገቡ ደግሞ አራት ትንንሽ ነጥቦች። 250ዲ ላይ ትንንሾቹ አሉ፣ ትልቁ የለም። ካኖን ራሱ ነው ያስቀረው። ርካሹ ፍላሽና ርካሹ ትሪገር ደግሞ «አሁን ብልጭ በል» የሚለውን ትእዛዝ የሚቀበሉት በዚያች በመሃለኛዋ ነጥብ ብቻ ነው። የካኖን የራሱ ፍላሽ በትንንሾቹ በኩል ስለሚነጋገር ይሠራል።

ይህን ማንም አልነገረኝም። ሁለት ዓመት የሰው ረዳት ሆኜ ስታንድ ይዤ ቆሜ፣ 2013 ጥር ላይ የመጀመሪያውን ሰርግ በራሴ ስም ተቀበልኩ። ያጠራቀምኩትን አውጥቼ ሁለት ዮንግኑኦ 560 ከነትሪገሩ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ትሪገሩን እንዳንተው 250ዲ በሆነው ካሜራዬ ላይ ሰካሁት። ትሪገሩ ላይ ያለችውን የሙከራ ቁልፍ ስጫን ሁለቱም ቦግ ይላሉ። የካሜራውን ቁልፍ ስጫን ፀጥ። ባትሪ ቀየርኩ፣ ቻናል ቀየርኩ፣ ብረቱን በላጲስ አሸሁት፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ድረስ ስታገል አመሸሁ። ፀጥ።

በማግስቱ ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ሻጩ ትሪገሩን ከእጄ ተቀብሎ የራሱ ሌላ ካኖን፣ 5ዲ ማርክ 3 ላይ ሰካውና ቦግ አደረገው። «ይኸው ይሠራል፣ ችግሩ ካንቺ ነው።» በኔ ካሜራ ሞክረው ብዬ ብጠይቀው ካሜራዬን በእጁም አልነካውም። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፣ በጣቱ እሱን አሳየኝ። ከኋላዬ ሁለት ወንዶች ተራ ይጠብቁ ነበር። «መጀመሪያ አጠቃቀሙን ተማሪ» ብሎኝ ሲስቅ አብረውት ሳቁ። ዛሬም ሳስታውሰው ያመኛል፣ ምክንያቱም ያን ቀን እውነትም የማልችል መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። «ሆት ሹው ተበላሽቷል» ብሎ ካሜራውን ፈታው፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ ሲመልስልኝ ያው ነው። ድሮም በሌለች ነጥብ ከፈልኩ። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ረዳት ሆኜ የሠራሁለት ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ካሜራውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርጎ አየና «መሃሏ የለችም'ኮ!» አለኝ። አምስት ሰከንድ አልፈጀበትም።

ያን ሰርግ በሱ ምክር ነው የተወጣሁት፣ ዮንግኑኦውን ቀድመህ ገዝተህ ከሆነ አንተም ምክሩን ያዝ። ፍላሹ ላይ ኤስ2 የሚል ሞድ አለ። የካሜራውን ትንሿን ፍላሽ በእጅህ ታነሳታለህ፣ እሷ ስትበራ ትልቁ ብርሃኗን አይቶ ይከተላታል። ኤስ1 ላይ አታድርገው፣ ካሜራው ከዋናው ብልጭታ በፊት የመለኪያ ብልጭታ ስለሚልክ ፍላሹ ቀድሞ ይተኩስብሃል። ግን ለዘለቄታው አይሆንም። አዳራሽ ውስጥ የዘመድ አዝማድ ካሜራ በበራ ቁጥር የኔም ፍላሽ አብሮ ይበራ ነበር፣ ኬክ ሊቆረስ ሲል ባትሪዬ አለቀ። ውጪ ፀሐይ ላይ ደግሞ ትንሿን ብርሃን ጭራሽ አያያትም።

2. ስለዚህ ትሪገሩን መጀመሪያ ምረጥ፣ ፍላሹ ይከተላል። ሰው ሁሉ ገልብጦ ነው የሚገዛው። እኔ አሁን የምሠራው ጎዶክስ በሚባለው ምርት ነው። ትሪገሩ ኤክስፕሮ ወይም ኤክስ2ቲ ይሁን፣ ግን መጨረሻው ላይ «ሲ» የሚል ፊደል ያለበትን፣ ለካኖን የተሠራውን። «ኤን» ለኒኮን፣ «ኤስ» ለሶኒ ነው፣ በጥድፊያ ሌላውን ይሰጡሃል። ሶፍትዌሩ የቆየ ከሆነ በዩኤስቢ ኮምፒውተር ላይ ሰክተህ አድሰው፣ የኔ 250ዲ ላይ ከታደሰ በኋላ ነው የሠራልኝ። የጎዶክስ ትሪገር ዮንግኑኦን አያበራም፣ ስለዚህ አንዱን ከያዝክ እዚያው ቆይ።

ፍላሹ የጎዶክስ ቲቲ600 ይበቃሃል። የሬዲዮ መቀበያው ውስጡ ነው፣ ከካሜራው ስለራቀ የነጥቧ ነገር አያሳስበውም። ካሜራው ላይ ሰክቼም እሠራበታለሁ ካልክ ግን እሱ 250ዲ ላይ አይበራልህም፣ ለካኖን የተሠራውን ቲቲ685 ውሰድ። ሁለቱም የሚሠሩት በአራት ኤኤ (AA) ባትሪ ነው። የሚሞላውን ግዛ፣ ሁለት ሙሉ ዙር ይኑርህ፣ መብራት ይጠፋል ብለህ ከዋዜማው በፊት ሙላው።

3. ብርሃን ማለዘቢያ። ነጭ የፎቶ ጃንጥላ ይበቃል፣ ስታንዱ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠልጥል፣ እንጦጦ ላይ ነፋሱ ጥሎ ይሰብርብሃል። ስለ ማለዘቢያ ይህን ያህል ይበቃል፣ የምነግርህ ሌላ ነገር ነው። የኛ ሙሽራ ፊቷ ጠይም፣ ቀሚሷ ነጭ ነው። ፍላሹን ከፊት ለፊት ዝቅ አድርገህ ከተኮስክ ቀሚሱ ፎቶው ላይ ከልክ በላይ ነጥቶ ይቃጠላል፣ የሸማኔው ጥለት ይጠፋል፣ እናትየዋ ደግሞ መጀመሪያ የምታየው ጥለቱን ነው። ጃንጥላውን ከፊቷ ከፍ አድርገህ ወደ ጎን አዙረው፣ የብርሃኑ ዳር ብቻ ቀሚሱን ይንካው። እንዲህ ያነሳኋት ሙሽራ የእህቷንም ሰርግ ለኔ ነው የሰጠችኝ።

የቀትር ፀሐይ ነገር ግን አያታልልህ። በጥር ስድስት ሰዓት ላይ፣ አይኤስኦ 100 እና ፍጥነቱን 1/200 ሰከንድ ስታደርግ አፐርቸሩ (የሌንሱ ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 11 ይሄዳል፣ 250ዲ በመደበኛው ከፍላሽ ጋር የሚሄደው እስከ 1/200 ነው። ኋላው ብዥ ይበል ብለህ ኤፍ 2.8 ከፈለግክ ወደ 1/3200 መውጣት አለብህ። ትሪገሩ ላይ ኤችኤስኤስን፣ ማለትም ፍላሹ ከ1/200 በላይም እንዲሠራ የሚያደርገውን ሞድ፣ ከፍተህ ይቻላል፣ ግን የፍላሹ ጉልበት በጣም ይወርዳል፣ በጃንጥላ ውስጥ አልፎ ፊቷ ጋ ሲደርስ ምንም አይቀረውም። ለዚህ ነው ኋላ ላይ ኤዲ200 የሚባለውን የጎዶክስ ትልቅ ፍላሽ የገዛሁት፣ ጉልበቱ የትንሹን ፍላሽ ሦስት እጥፍ ያህል ነው፣ ባትሪውም ሊቲየም ነው። አሁን አትግዛው። ጥላ ውስጥ አስገብተህ አንሳቸው፣ ከሦስት ሰርግ በኋላ ራስህ ታውቀዋለህ።

ዋጋ አልጽፍልህም፣ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ የዛሬው ለነገ አይሆንም። ከዱባይ የሚመጣ ሰው ካለህ ትሪገሩን በሱ አስመጣ፣ የሊቲየም ባትሪ ካስያዝከው ግን በእጅ ሻንጣው ይያዘው። እዚህ ከገዛህ ካሜራህን ይዘህ ሂድ፣ ሱቁ ውስጥ ራስህ ስካው፣ የካሜራውን ቁልፍ ራስህ ተጫን። በሙከራ ቁልፉ ቦግ አድርገው ቢያሳዩህ ገንዘብ አታውጣ። ሻጩ በሌላ ካሜራ ላሳይህ ካለህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ።

ያልገባህ ካለ ሆት ሹውን በስልክህ ከላይ አንሳውና እዚሁ ከጥያቄህ ስር ለጥፈው፣ ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ።