«ስለ ቡና ጻፉ» ከማለት በፊት፦ የትምህርት ቤት ላይብረሪ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ በአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይብረሪ እሠራለሁ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መካከለኛ ደረጃ ማለት 7ኛና 8ኛ ክፍል ነው። ስለ ላይብረሪ አያያዝና ተማሪን ምርምር ስለማለማመድ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ከአጋሮ ነኝ። የሳይንስ መምህር ነበርኩ፤ ዘንድሮ «ላይብረሪውን ያዝ» ተባልኩ። ቁልፍና አንድ ክፍል ሙሉ መጽሐፍ ተረከብኩ። ከየት ልጀምር?

እንኳን ወደ ሙያው በደህና መጣህ ወንድሜ። ከመደርደርህ በፊት ቀንስ። መደርደሪያውን አጨናንቆት የምታገኘው አብዛኛውን ጊዜ የድሮው ሥርዓተ ትምህርት መማሪያ መጽሐፍ ነው። ከየዓይነቱ ሁለት ሦስት ቅጂ አስቀርና ሌላውን ካርቶን ውስጥ ለየው። ግን እንዳትጥለው! በንብረት መዝገብ ላይ ያለ ዕቃ ነው። የሚወገደው በኮሚቴ፣ በቃለ ጉባኤ ነው። ይቺን ዘልሎ ኦዲት ሲመጣ ላብ ያጠመቀው ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ መዝገብ። እያንዳንዱ መጽሐፍ የራሱ ቁጥር ይኑረው። አንድ ዓይነት መጽሐፍ አምስት ቅጂ ካለህ አምስት ቁጥር ስጠው። ማኅተሙን ከሽፋኑ ጀርባ ምታ፤ ደግሞም አንተ በወሰንከው አንድ ቋሚ የመሃል ገጽ ላይ ድገመው። ሽፋኑ ተገንጥሎ ቢሄድ እንኳ መጽሐፉ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ኮምፒውተር ካለ ኤክሴል ይበቃል። ከሌለ ወፍራም ደብተር።

ዋናው ነገር ግን በሩን አትዝጋው። «አስተካክዬ ስጨርስ እከፍታለሁ» ካልክ ዓመቱ ያልቅብሃል። አንድ መደርደሪያ ሲስተካከል በዚያች ጀምር። በፈረቃ የምታስተምሩ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ የሚመጡት በሁለቱ ፈረቃ መካከል ስለሆነ ምሳህን ቀደም አድርገህ ብላ።

ጥያቄ፦ የዴዊን ቁጥር የግድ መጠቀም አለብን? ልጆቹም አልገባቸውም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም።

ዴዊ በ1876 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ የመጽሐፍ አመዳደብ ነው። እውቀትን ከ000 እስከ 999 ባለው ቁጥር አሥር ቦታ ይከፍለዋል። 500ዎቹ ሳይንስ ናቸው። 630 ግብርና ነው። 963 የኢትዮጵያ ታሪክ ነው። ለኛ ዓይነት ላይብረሪ ሦስት አኃዝ ይበቃል፤ ከነጥብ በኋላ ያለውን ተወው። ቡና 633.73 ነው፤ ግን ጅማ ውስጥ ያልተገኘ የቡና ጥግ የት ሊገኝ ነው? እኔ «ቡና» ብዬ ጽፌ ለብቻው አስቀምጬዋለሁ።

ዴዊ የሚያስቸግረው ሥነ ጽሑፍ ላይ ነው። እንግሊዝኛና የአውሮፓ ቋንቋዎች የ800ዎቹን ሰፊ ቦታ ይዘውታል፤ አማርኛ ከ892 ሥር፣ አፋን ኦሮሞ ከ893 ሥር ታጭቀዋል። ስለዚህ ልቦለድና ተረትን ከቁጥሩ አውጣና በቋንቋ ለያቸው። አማርኛውን በፊደል ተራ፣ አፋን ኦሮሞውን በቁቤ ተራ ደርድር።

ሁለት ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደለም። የአበበ ከበደ መጽሐፍ «አበበ» ሥር ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር «ላስት ኔም» እያለ ያስትሃል፣ እንዳትሰማው። ሁለተኛ፣ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን በመዝገብህ ውስጥ አንድ ወጥ አድርግ። አንዱን «ዓለም» ሌላውን «አለም» ብለህ ከጻፍክ፣ ፈላጊው የሚያገኘው ግማሹን ነው። ልጆቹ ኢንተርኔት ላይ በአማርኛ ሲፈልጉም ይህንኑ ንገራቸው፦ በአንደኛው ፊደል ካጣችሁት በሌላው ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ክረምት በመጣ ቁጥር መጽሐፎቻችን ይሻግታሉ። ፀሐይ ላይ ላስጣቸው?

ፀሐይ ላይ አታስጪ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖ ይሰባበራል፣ ሽፋኑም ይቆለመማል። የሚሻለው ጥላና ነፋስ ነው። የሻገተውን ከጤነኛው ለይተሽ ገጾቹን ከፈት ከፈት አድርገሽ አቁሚው። በደንብ ሲደርቅ ውጭ አውጥተሽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው፤ አፍንጫሽን ሸፍኚ። እርጥብ ሳለ ከነካሽው ሻጋታው ይዛመታል።

መከላከሉ ግን ይቀላል። ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል የራቀ፣ የታችኛው እርከን ከወለሉ ከፍ ያለ መደርደሪያ ይኑርሽ። መጽሐፍ አታጨናንቂ፣ በመካከል አየር ይግባ። ዝናብ ባልዘነበበት ቀን መስኮት ክፈቺ። በእኛ ከተማ አናጺ ሞልቷል፤ በርጩማ እንዲህ አሳምሮ የሚሠራ ከተማ መደርደሪያ አያቅተውም። ፕላስቲክ የምታለብሺም ከሆነ መጽሐፉ መድረቁን አረጋግጪ፤ አለበለዚያ እርጥበቱን አፍነሽ አስቀመጥሽው ማለት ነው። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አትለጥፊ፤ ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ይዞት ይነሣል።

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ሲጠፋ ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። እንዴት ብዬ ላውስ?

ይህ የብዙ ባልደረቦቻችን ፍርሃት ነው፤ እውነት አላቸው። መጽሐፍ የተቆለፈበት ላይብረሪ ሁሉ ሰነፍ ባለሙያ ያለበት አይደለም። ግን መፍትሔው በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ነው እንጂ ቁልፍ አይደለም። ከርዕሰ መምህሩና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ ጋር ተቀመጡ። ልጅ መጽሐፍ ቢያጠፋ ምን ይደረጋል? ያንኑ ይተካ? ወይስ ላይብረሪ በመጠገን ያግዝ? በማርጀት የተቀደደውስ? በዓመት ይህን ያህል መጽሐፍ ሊጠፋ እንደሚችልም በደንቡ ይታወቅ፣ ይፈረምበት። የፈረመው ሁሉ ይጠየቅበታል፣ አንቺ ብቻሽን አትሆኚም።

ውድና አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ማጣቀሻ አታውሺ። ልቦለድ፣ ተረትና ቀጭን የሳይንስ መጽሐፍ ግን ይውጣ።

ጥያቄ፦ ጅሬን አካባቢ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህር ነኝ። አሳይመንት ስሰጥ ሁሉም ከኢንተርኔት ገልብጠው ይመጣሉ። አንዳንዱማ የድረ ገጹን ማስታወቂያ ሳይቀር ጽፎታል። ምን ይበጃል ይላሉ?

ማስታወቂያውን የጻፈው ልጅ ቢያንስ ሐቀኛ ነው! ይህን ጥያቄ በተለያየ መልክ ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ልጁ የሚገለብጠው ስለሰነፈ ብቻ አይደለም። «ስለ ቡና ጻፉ» የሚል ትእዛዝ ሌላ ነገር እንዲያደርግ አይፈቅድለትም። የ13 ዓመት ልጅ ስለ ቡና በጠቅላላው ምን ሊል ነው? ሌላ ሰው ያለውን ይገለብጣል እንጂ። ርዕስ ሰጥተውታል፣ ጥያቄ ግን የለውም።

ስለዚህ ርዕሱን ሰጥተው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ጥያቄ ብቻ ያጽፏቸው። መልስ መፈለግ ክልክል ይሁን። ከዚያ ጥያቄዎቹን አብራችሁ ለዩ። በአንድ ቃል የሚመለሱ አሉ፤ «ቡና የሚለቀመው በየትኛው ወር ነው?» ዓይነት። ዕድሜ ልክ የማይበቃቸውም አሉ፤ «ሰው ቡና ለምን ይወዳል?» ዓይነት። የምንፈልገው በሁለት ሳምንት የሚመለሰውን ነው። ለምሳሌ፦ «የሰፈራችን ገበሬዎች እሸት ቡናቸውን ለማጠቢያ ከመሸጥና ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) አድርገው ከማድረቅ የቱን ይመርጣሉ? ለምን?»

የዚህን ጥያቄ መልስ ማንም ጽፎ ኢንተርኔት ላይ አላስቀመጠለትም። የታጠበና ያልታጠበ ቡና ምን እንደሆነ ለማወቅ ማንበብ አለበት። ከዚያ አጎቱን ወይም ጎረቤቱን መጠየቅ አለበት። የነገሩት ቃል ከመጽሐፉ ጋር ካልተስማማ ደግሞ ምርምር የሚባለው ነገር ተጀመረ።

ጅማ ለዚህ የተመቸች ናት። መልኮ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ጅሬን ላይ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ እርስዎማ ጎረቤት ነዎት። ሙዚየሙ መሃል ከተማ ነው። ለሳይንስ መምህራን ደግሞ አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ይሄዳል፤ «ከድልድዩ በላይና በታች ያለው ውሃ በምን ይለያያል?» ብሎ ማስጀመር ይቻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጽፉ፤ ያለ ደብዳቤ በር ላይ ትቀራላችሁ።

ቀጥሎ ማስታወሻ አያያዝ። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለአራት ቆርጠው ካርድ ያድርጉት። በአንድ ካርድ አንድ ሐሳብ ብቻ። ከላይ ጥያቄው፣ መሃል ላይ ማስታወሻው፣ ከታች ምንጩ፦ ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ ገጽ። ምንጩ ሰው ከሆነ የተናገረው ሰው ስም፣ ሥራውና የተጠየቀበት ቀን። ሲጽፉ ደግሞ አንድ ደንብ አለኝ፦ አንቀጹን አንብብ፣ መጽሐፉን ዝጋ፣ በራስህ አነጋገር ጻፍ፣ ከዚያ ከፍተህ አስተያይ። መጽሐፉ ተከፍቶ እርሳስ መያዝ የለም። ቃል በቃል መውሰድ የሚፈልግ በትእምርተ ጥቅስ ያስገባው። መጀመሪያ ሰሞን ያጉረመርማሉ። ይለምዱታል።

በመጨረሻ ማርኩን ይበትኑት። ከ20ው ሙሉውን ለመጨረሻው ወረቀት ከሰጡ፣ ልጁ የሚያስበው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው። ለጥያቄው 4፣ ለካርዶቹ 8፣ ለጽሑፉ 5፣ ቆሞ ለሚመልሰው 3 ይስጡ። ካርድ የሌለው ወረቀት አይታረም። ፎቶኮፒ ቤት ያሠራው ልጅ እዚች ላይ ይያዛል።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንዱ መጽሐፍ የዓድዋ ጦርነት 1888 ይላል፣ ሌላው 1896 ይላል። የቱ ነው የተሳሳተው?

ማንም አልተሳሳተም የኔ ልጅ። አንዱ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ሌላው በአውሮፓውያን ነው የጻፈው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በእነሱ ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ውስጥ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ስለዚህ ካርድሽ ላይ ዓመት ስትጽፊ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሪበት። የመጽሐፉን የኅትመት ዓመትም እንደዚሁ። ሁለት መጽሐፍ አስተያይተሽ መጠየቅሽ ግን በጣም ጎበዝ ያሰኝሻል።

ጥያቄ፦ ልጄ የሚኒስትሪ ፈተና አለበት፤ እሱ ግን ልቦለድ እየተዋሰ ይመጣል። ባይሰጡልኝስ?

አባት ሆይ፣ እሰጠዋለሁ። ፈተናው የሚፈትነው አንብቦ መረዳትን ጭምር ነው፤ በየትኛውም የትምህርት ዓይነት ጥያቄው ካልገባው መልሱን ማወቁ አይጠቅመውም። ማታ የሚያጠናበትን ሰዓት እርስዎ ይወስኑ። ከአንድ መጽሐፍ በላይ በአንዴ አላውሰውም፤ በዚህ እንስማማ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ ሁሉን ነገር ከቴሌግራም ቻናል ነው የሚያመጡት። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ። መከልከል ይሻላል?

ብትከለክሉም ቤት ሄደው ይጠቀሙበታል። የሚሻለው ማጣራት ማስተማር ነው። ብዙ ሰው ጽሑፉ «ጥሩ ይመስላል ወይ?» ብሎ እዚያው ገጽ ላይ ያፈጥበታል። ይህ አያዋጣም፤ ውሸትም አምሮ ይጻፋል። ከገጹ ይውጡ። ማን ጻፈው? ሌላ ቦታ ስለዚህ ነገር ምን ተባለ? ሌላ ምንጭ ከሌለው ካርድ ላይ «ያልተረጋገጠ» ተብሎ ይጻፍ። ፎርዋርድ መደረጉ ምንጭ አያደርገውም። ሺህ ጊዜ የተላከ አንድ ወሬ ያው አንድ ወሬ ነው።

ቻትጂፒቲና መሰሎቹ የሌለ መጽሐፍ፣ የሌለ ደራሲ በልበ ሙሉነት ይነግሩሃል። ለልጆቹ ጥሩ መልመጃ አለ፦ ስለሚያውቁት ሰፈር ይጠይቁትና ስህተቱን ያስምሩበት። ከዚያ በኋላ የሚላቸውን እየተጠራጠሩ ነው የሚያዳምጡት። ጥያቄያቸውን ለማጥበብ ቢጠቀሙበት አልቃወምም። ምንጭ ብለው ካርድ ላይ ማስፈር ግን የለም።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ኔትወርክ የለም። መብራትም እንደ ፍላጎቱ ነው።

ኪዊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ኔትወርክ ያለበት ቦታ አንዴ ዊኪፔዲያን ታወርዱበታላችሁ፣ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ስልክ ላይም ይሆናል። እንግሊዝኛው ከነምስሉ በጣም ትልቅ ነው፤ ያለ ምስል ያለውን ወይም የተመረጠውን አውርዱ። የአማርኛው ትንሽ ነው፣ ቦታ አይፈጅም፤ ግን ብዙ ጽሑፍ አትጠብቁበት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በካርድና በመጽሐፍ የተለማመደ ክፍል ሥራውን አያቋርጥም።

ጥያቄ፦ ተማሪዎቼ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ያለን ማጣቀሻ ግን አብዛኛው እንግሊዝኛ፣ ጥቂቱ አማርኛ ነው።

ችግር መሆኑን አልክድም፤ በአፋን ኦሮሞ የሚገኘውን መጽሐፍ ሁሉ ቅድሚያ ሰጥታችሁ ግዙ። ግን አንድ ጥቅምም አለው። በእንግሊዝኛ አንብቦ በአፋን ኦሮሞ ማስታወሻ የሚይዝ ልጅ መገልበጥ አይችልም። ሳይገባው መጻፍ አይሆንለትማ። እኔ ልጆቹን በሚያስቡበት ቋንቋ ካርድ አጽፋቸዋለሁ። ከበድ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል እንዳለ ይጻፉትና ጎኑ ላይ በራሳቸው ያብራሩት። ጥንድ ስታደርጓቸውም አንዱ በእንግሊዝኛ የሚሻል፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ የሚሻል ይሁን።

ጥያቄ፦ ላይብረሪ ውስጥ ሲያወሩ ዝም ላሰኛቸው?

ሰዓቱን ለዩት። ጠዋት ዝምታ፣ ከሰዓት የቡድን ሥራ ብላችሁ በር ላይ ለጥፉ። በቡድን ሰዓት ስለ ሥራቸው ካወሩ ይፈቀድላቸው። ስለ ኳስ ከሆነ ሜዳው ውጭ ነው።