ማቹ ፒቹ በእግር ወይስ በባቡር? ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም እህታችን፣ ጥያቄሽን ዛሬ ጠዋት አየሁት። ለማያውቅ አንባቢ፦ ማቹ ፒቹ ፔሩ ውስጥ ተራራ ላይ ያለች፣ ኢንካ የሚባሉት ሕዝቦች የሠሯት የጥንት ከተማ ናት፤ የኢንካ መንገድ ደግሞ ወደዚያ የሚወስደው የእግር መንገድ ነው። ጓደኞችሽ «ማቹ ፒቹ በኢንካ መንገድ አራት ቀን በእግር እንሂድ» ብለውሻል። አንቺ ደግሞ ባቡሩ ይሻለኛል ብለሽ አስበሻል። «46 ዓመቴ ነው፣ ደሴ ነው ያደግኩት፣ አሁን ቨርጂኒያ ነኝ፤ ከፍታውን እችለዋለሁ?» ነው ያልሽው። እኔ ባለፈው ነሐሴ ከባለቤቴ ጋር ሄጄበታለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን ያየሁትን ሁሉ ልንገርሽ።

ከከፍታው ልጀምር፣ እኔ የተሳሳትኩት እዚያ ላይ ነውና። ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት። ሜሪላንድ ከገባሁ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የጉዞው መነሻ የሆነችው ኩስኮ ከተማ 3,400 ሜትር ላይ ናት። አዲስ አበባን አስቢና አንድ ሺህ ሜትር ጨምሪበት። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ ብዬ ከፔሩ ዋና ከተማ ከሊማ በአውሮፕላን በገባሁበት ቀን ሳክሳይዋማን የሚባለውን የኢንካ ምሽግ ለማየት ዳገቱን ወጣሁት። ማታ ራሴን ለሁለት የሚከፍል ሕመም ያዘኝ። አስመለሰኝ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ሰውነት ከፍታን የሚለምደው እዚያው ሲኖር ነው። ቆላ ወርዶ ሲከርም ይተወዋል። ደሴ ማደግሽ ዛሬ አይቆጠርልሽም።

ስለዚህ ኩስኮ ስትደርሺ እዚያው አትደሪ። በመኪና ኦላንታይታምቦ ውረጂ፤ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሌሊት እደሪ። ከዚያ ኩስኮ ተመልሰሽ ሌላ ሁለት ቀን አርፈሽ ጉዞውን ጀምሪ። አሴታዞላማይድ የሚባል ለከፍታ የሚሰጥ መድኃኒት አለ፤ ይስማማሽ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ሆቴሉ የኮካ ቅጠል ሻይ ይሰጥሻል። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ ሁሉም ሰው ይጠጣዋል። ግን ሥራሽ የአደንዛዥ ዕፅ የሽንት ምርመራ የሚጠይቅ ከሆነ አትንኪው፤ ኮኬይን የሚወጣው ከዚሁ ቅጠል ስለሆነ ሻዩ ብቻ ምርመራው ላይ ሊታይ ይችላል። ቅጠሉን ወደ አሜሪካ ይዞ መግባትም ክልክል ነው። ይህን የምጽፈው ከኛ ሰው ብዙው ሆስፒታልና ሹፌርነት ላይ ስለሚሠራ ነው።

ፈቃዱ ላይ ቶሎ ወስኑ። በዚህ መንገድ ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ድርጅት ጋር ካልሆነ መሄድ አይቻልም። በቀን የሚገባው 500 ሰው ብቻ ነው፣ አስጎብኚዎችና ተሸካሚዎች ተቆጥረው። ለጎብኚ የሚተርፈው 200 ገደማ ነው። ከሜይ እስከ ኦገስት ያለው ከወራት በፊት ያልቃል። ፌብሩዋሪ ሙሉውን ዝግ ነው፤ መንገዱን የሚጠግኑበት ወር ነው። ፈቃዱ በፓስፖርት ቁጥር ስለሚወጣ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ዜግነት እየጠበቅሽ ከሆነ ወይም ፓስፖርትሽን የምታሳድሺ ከሆነ ለድርጅቱ አስቀድመሽ ንገሪ፣ አሮጌውንም ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ወደ መንገዱ። ርዝመቱ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚጀመረው የባቡር ሐዲዱ 82ኛ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። የኡሩባምባን ወንዝ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ፓታያክታ የሚባለውን ፍርስራሽ ከላይ ሆነሽ ታያለሽ።

ሁለተኛው ቀን ነው ፈተናው። ዋርሚዋኙስካ ይሉታል፣ በኬችዋ ቋንቋ «የሞተችው ሴት» ማለት ነው። ከታች ሲያዩት ተራራው የተጋደመች ሴት ይመስላል። አናቱ 4,215 ሜትር ነው። እኛ 3,000 ገደማ ላይ ነበር ያደርነው። ያ ሁሉ በአንድ ጠዋት ነው የሚወጣው፣ አብዛኛውም የድንጋይ ደረጃ ነው። ሠላሳ እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ደግሞ ሠላሳ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አላጣደፈኝም። ሁለት አስጎብኚዎች ነበሩን፤ አንዱ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው የሚሄደው። አናቱ ላይ ስደርስ አለቀስኩ። የከበደኝ ግን ቁልቁለቱ ነው። ስድስት መቶ ሜትር ያህል በደረጃ ስትወርጂ ጉልበት ይለቃል። ሁለት የእግር ጉዞ ዱላ ያስፈልግሻል። ጫፋቸው ጎማ ይኑረው፣ ያለ ጎማ አያስገቡም፤ ድንጋዩን ይበላዋል።

ተራራ ያስጠላኛል የምትይ ሰው ብትሆኚ እንኳ ለሦስተኛው ቀን ስትይ ሂጂ እላለሁ። በባቡር የሚሄድ ሰው ይህን ፈጽሞ አያየውም። ጠዋት ሩንኩራካይ የሚባል ክብ ፍርስራሽ አለ። ቀጥሎ ሳያክማርካ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ከዚያ በጉም የተሸፈነ ጫካ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ የምትረግጪው ድንጋይ ኢንካዎች ራሳቸው ያነጠፉት ነው። ፑዩፓታማርካ ስንደርስ ደመናው ከእግራችን በታች ነበር። ስሟም በግምት «ከደመና በላይ ያለች ከተማ» ማለት ነው። ማታ ዊኛይ ዋይና ገባን። እርከኑ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ተራራውን አቅፎታል። ውኃው በድንጋይ ቦይ ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው እስከ ዛሬ ይወርዳል። ኮንሶን ያየ ሰው እርከን ምን ያህል ጉልበትና ብልሃት እንደሚጠይቅ ያውቃል። እዚያ ተቀምጬ ላሊበላንም አሰብኩ። የኛዎቹ አንዱን አለት ፈልፍለው ሕንፃ አወጡ። እነዚህ ደግሞ በምርጥ ሕንፃዎቻቸው ድንጋዩን አንድ በአንድ ጠርበው፣ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ ገጠሙት። በሩና መስኮቱ ወደ ላይ እየጠበበ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚበዛበት አገር እስካሁን የቆመው አንድም በዚህ ነው።

ተሸካሚዎቹን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሰሜን ተራሮች ስንሄድ ጭነቱን የያዘልን በቅሎ ነበር። እዚህ ሰው ነው። ድንኳኑን፣ የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ምግቡን፣ የኛን ልብስ ጭምር ተሸክመው በአጠገባችን እየሮጡ ያልፋሉ። እኛ ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ ሙቅ ውኃው ተዘጋጅቶ ነው። እኛ አሥራ ሁለት ነበርን፣ እነሱ አሥራ ስምንት። በሕግ አንድ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ መያዝ የለበትም፣ መግቢያው ላይም ይመዘናል። ቢሆንም ድርጅት ከድርጅት ይለያል። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ፦ ስንት ትከፍሏቸዋላችሁ? የት ነው የሚተኙት? የዝናብ ልብስና ጫማ ትሰጧቸዋላችሁ? እኛ መጀመሪያ ያነጋገርነው ድርጅት በጣም ርካሽ ነበር። ይህን ስጠይቅ ግን መልስ አልሰጠኝም፣ ስለዚህ ተውነው። ርካሹ ዋጋ ከሰው ወገብ ላይ የሚወጣ ከሆነ እኔ አልፈልገውም። ጉርሻውን በፔሩ ገንዘብ ዘርዝረሽ ያዢ። የምትሰጪው በሦስተኛው ቀን ማታ ነው፤ በነጋታው ድንኳኑን ነቅለው ባቡር ለመያዝ ይሮጣሉ።

ጾም ለሚያሳስባችሁ፦ እኔ የሄድኩት በፍልሰታ ነው። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል እንደማልበላ ከወር በፊት ጽፌ አሳወቅኩ። ወጥ ቤቱ ኪንዋ ሾርባ፣ ባቄላ፣ ድንችና አቮካዶ እያደረገ አንድ ቀን እንኳ ሳያስርበኝ መለሰኝ። ድንች የነሱ አገር ነው፣ ዓይነቱ አያልቅም። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት ተከራዪ። መጸዳጃው አይመችም፣ ግን ይለመዳል።

አራተኛው ቀን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተቀሰቀስን። በሩ የሚከፈተው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ወደ ኢንቲ ፑንኩ ትሄጃለሽ፣ «የፀሐይ በር» ማለት ነው። እኛ ስንደርስ ጉሙ ሁሉን ሸፍኖት ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። ከዚያ ቀስ እያለ ተገለጠ፣ መጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ እርከኑ፣ በመጨረሻ ከተማዋ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ፓቻኩቴክ ዘመን የተሠራች ናት ይባላል። ስፔኖች አልደረሱባትም። በ1911 ሃይራም ቢንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ለዓለም አስተዋወቃት፤ እሱ ሲመጣ ግን የአካባቢው ገበሬዎች እርከኗ ላይ እያረሱ ነበር።

እንግዲህ ላንቺ ያለኝ መልስ፦ ልብሽና ጉልበትሽ ጤነኛ ከሆኑ በእግር ሂጂ። 46 ምንም አይደለም፣ ከኛ ጋር 63 ዓመት የሆናቸው እናት ነበሩ። አራቱን ቀን ካልደፈርሽ ደግሞ አጭሩ አለ። ከ104ኛው ኪሎ ሜትር ባቡር ላይ ወርደሽ በአንድ ቀን 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄጃለሽ። ዊኛይ ዋይናንም የፀሐይ በርንም ታያለሽ፣ ዋርሚዋኙስካን ግን አትወጪም። እሱም ፈቃድ ይፈልጋል።

ልምምዱን ከአሁኑ ጀምሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ፓርክ ሄደሽ ኦልድ ራግ የሚባለውን ተራራ ውጪ፣ በተለይ ቁልቁለቱን ልመጂው። ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ጎማ ያለው ዱላዬም ቤት ተቀምጧል፣ መጥተሽ ውሰጂው።