ጎበዝ ልጅ ይዤ ለምን እሸነፋለሁ?

ጥያቄ፦ ሰላም። ጅማ፣ ሄርማታ አካባቢ የሰፈር ልጆችን ቅርጫት ኳስ አሰለጥናለሁ። ክፍያ የለውም፣ በፍቅር ነው። እዚህ ከተማ ወሬው ሁሉ እግር ኳስ ነው፣ አባ ጅፋር በ2010 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ከበላ ወዲህማ ጭራሽ። እንደምንም ቡድን ሠራሁ። አንዱ ልጅ ጉድ ነው፣ ከምናስቆጥረው ከግማሽ በላዩ የእሱ ነው። ግን እንሸነፋለን። ሌሎቹ "ኳስ አይሰጠንም፣ ቆመን ነው የምንውለው" እያሉ ያኮርፋሉ፣ ሁለቱ መምጣት ትተዋል። እሱን ሳስቀምጠው ደግሞ የባሰ እንሸነፋለን፣ የሰፈሩ ሰውም ይሰድበኛል። ትልልቆቹ አሰልጣኞች እንዲህ ዓይነቱን ልጅ ምን ያደርጉታል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ "ድር ቢያብር"ን ለልጆቹ መተረቱን ተው። ሁሉም ያውቁታል። እሱም ያውቀዋል፣ እያወቀውም ኳሷን አልሰጠም።

ይሄ ነገር የአሜሪካውን ቡድን ቺካጎ ቡልስንም አስቸግሯል። በፈረንጆቹ 1986-87 ማይክል ጆርዳን በጨዋታ በአማካይ 37.1 ነጥብ ያስቆጥር ነበር። ቡድኑ ግን 40 አሸንፎ 42 ተሸነፈ፣ ከዚያም ቦስተን በመጀመሪያው ዙር በጨዋታ ብዛት 3 ለ 0 አሰናበተው። በ1989 ፊል ጃክሰን ዋና አሰልጣኝ ሲሆን የረዳቱን የቴክስ ዊንተርን የሦስት ማዕዘን አጨዋወት አመጣ፤ አምስቱም ተራርቀው ይቆማሉ፣ ኳሷ ትዞራለች፣ ማን ይወርውር የሚለውን የሚወስነው ዝና ሳይሆን ተከላካዩ ክፍት የተወው ቦታ ነው። ጆርዳን መጀመሪያ አልጣመውም ነበር። በ1990-91 አማካዩ ወደ 31.5 ወረደ፣ ቡልስም የመጀመሪያውን ዋንጫ በላ። በ1993ቱ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ፊኒክስ ላይ ወሳኟን ሦስት ነጥብ ያገባው ጆን ፓክሰን ነው። በ1997ም ዩታዎች ጆርዳን ላይ ሲረባረቡ ኳሷን ለስቲቭ ከር አቀበለው፣ ከርም አገባት፣ ዋንጫውም በዚያው አለቀ።

ልብ በል፣ ጃክሰን ጆርዳንን አላስቀመጠውም። 31.5 እኮ አሁንም የጉድ ነው! ያንተም ልጅ ያስቆጥር፣ ተሰጥኦውን አትቅጣው። ለብቻው ጥራውና (በሰው ፊት እንዳታደርገው) አንድ ነገር ብቻ ንገረው፦ ሁለት ሰው ሲመጣብህ ከኛ አንዱ ነጻ ሆኗል ማለት ነው፣ ፈልገው።

ከዚያ ልምምድ ላይ ለተወሰነ ደቂቃ ድሪብል ከልክል። ማንም ኳስ ማንጠር አይችልም፣ መቀባበልና መሮጥ ብቻ። ይሄ ሪንግ እንኳ አይፈልግም፣ የጅማ ክረምት ሜዳውን ሲያጨቀይባችሁ ጣሪያ ያለው ቦታ ፈልጋችሁ ትሠሩታላችሁ። እዚህ ላይ ግን ሌሎቹም ንጹሕ እንዳልሆኑ ታያለህ። ኳስ ስለማይደርሳቸው ብቻ አይደለም የሚቆሙት፣ ስለሚቆሙም ነው የማይደርሳቸው። አቀብሎ ወደ ክፍት ቦታ የማይሮጥ ልጅ ኮከቡን ለማማት መብት የለውም፣ ይሄንንም ፊት ለፊት ንገራቸው።

ሌላው አንተ ራስህ የምታሞግሰው ነገር ነው። ከጨዋታ በኋላ "ማን ስንት አገባ?" ብቻ ከሆነ ወሬህ፣ እነሱም ነጥብ ብቻ ያሳድዳሉ። ተቀያሪ ለሆነው ልጅ ደብተር ስጠው። ለጎል የሚሆን ኳስ ማን አቀበለ፣ ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ማን ያዘ፣ ኳስ ሲነጠቅ ማን ለመከላከል ተመለሰ፣ ይመዝግብ። ሲያልቅ ጮክ ብለህ አንብበው። ስም መጠራት የማይወድ ልጅ አላየሁም።

መጀመሪያ ላይ ትሸነፋላችሁ፣ ምናልባትም ከአሁኑ በላይ። የሰፈሩ ሰውም ይሰድብሃል፣ ይስደብ። አንተ ለማሸነፍ ብለህ ያንኑ ልጅ ብቻ ካስጫወትክ፣ እሱ ታሞ የቀረ ቀን ቡድን የለህም። በዚህ ሳምንት ግን ከሁሉ በፊት የቀሩትን ሁለት ልጆች ቤታቸው ሄደህ አምጣቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከፈረንጅ አራዳ ነው። ልጄ የትምህርት ቤቱ ቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ አለ፣ ግን ሁሌ ተቀያሪ ነው። ትምህርቱም አለበት። ላስተወው እንዴ?

መልስ፦ እናቴ፣ ቅርጫት ኳስ ላይ ተቀያሪ መሆን ብዙም አያሳፍርም። አሰልጣኝ ግሬግ ፖፖቪች የሚመራው ሳን አንቶኒዮ በፈረንጆቹ 2014 የኤንቢኤን (የአሜሪካውን ሊግ) ዋንጫ ሲወስድ፣ በመደበኛው ውድድር ከተጫዋቾቹ አንድም በአማካይ 30 ደቂቃ የሞላ አልነበረም። የኤንቢኤ ጨዋታ ደግሞ 48 ደቂቃ ነው። ተራ በተራ እየገቡ፣ ሳይደክማቸው፣ 62 ጨዋታ አሸነፉ፣ ፍጻሜው ላይም ማያሚን በጨዋታ ብዛት 4 ለ 1።

ልጅዎ ጭራሽ የማይገባ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አሰልጣኙን ሄደው "ለመግባት ምን ይጎድለዋል?" ብለው ይጠይቁት፣ ደህና አሰልጣኝ መልስ አያጣም። ስለ ማቋረጡ ልጁን ራሱን ያነጋግሩት፣ እንደሚመስለኝ እሱ አልጠየቀዎትም።