ሳይከፈት የሚጎዳ ኢሜይል አለ ወይ?

«ያልከፈትኩት ኢሜይል ኮምፒውተሬን ሊጎዳ ይችላል ወይ?» ብለው ለጠየቁት፣ አዎ ይችላል፤ በማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም በአውትሉክ ላይም ደርሷል።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 2023 የደፈነውና በሶፍትዌር የደህንነት ክፍተቶች መዝገብ ሲቪኢ-2023-23397 ተብሎ የተመዘገበው ክፍተት መነሻው የቀጠሮ ማስታወሻ ድምፅ ነበር። ማስታወሻው ሲደርስ የሚሰማው የድምፅ ፋይል የት እንደሚገኝ ላኪው ራሱ መወሰን ይችል ስለነበር፣ አጥቂው በዚያ ቦታ የራሱን ሰርቨር አድራሻ ይጽፋል፤ የቀጠሮው ሰዓት ያለፈ ከሆነ ደግሞ አውትሉክ መልእክቱን እንደተቀበለ ድምፁን ፍለጋ ወደዚያ ሰርቨር ይሄድና ከተጠቃሚው የይለፍ ቃል የተሰላውን የኤንቲኤልኤም (ዊንዶውስ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጥበት ዘዴ) ማረጋገጫ ያስረክባል፤ አጥቂውም በዚያ ተጠቃሚ ስም ለመግባት ሊጠቀምበት ይችላል። ተጠቃሚው መልእክቱን አልከፈተም፣ አንዲት ማስፈንጠሪያም አልነካም። (ለአንዲት የደወል ድምፅ ሲባል የማያውቁትን ሰርቨር ይህን ያህል ማመን እስካሁን ይገርመኛል።) ጉዳዩን ለማይክሮሶፍት ካሳወቁት መካከል የዩክሬን የኮምፒውተር አደጋ ምላሽ ቡድን ይገኝበታል።

ክፍተቱ የነካው በዊንዶውስ ላይ የሚጫነውን አውትሉክ ብቻ ነው፤ የማክ፣ የስልክና በብሮውዘር የሚከፈተው አልተነኩም። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ግን ጥገናውን የሚያልፍ ሌላ መንገድ ተገኘ፤ ማስተካከያውም የመጣው በዊንዶውስ ዝመና በኩል ነበር። ስለዚህ አውትሉክ የሚገኝበትን ኦፊስን ብቻ አዘምነው ዊንዶውስን ከተዉት፣ በሩን ዘግተው መስኮቱን ክፍት ትተዋል ማለት ነው። የመሥሪያ ቤትዎን ኔትወርክ የሚያስተዳድሩት እርስዎ ከሆኑ፣ አውትሉክ ወደ አጥቂው ሰርቨር የሚሄድበትን፣ ወደ ውጭ የሚወጣውን የቲሲፒ ፖርት 445 (ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት መስመር) ግንኙነት በፋየርዎል ይዝጉት።