ዱባይ ሆኜ አባ ጅፋርን እንዴት ልከታተል?

ጥያቄ

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የጅማ፣ የሕርማታ ሰፈር ልጅ ነኝ። እህቴ ዱባይ ትሠራለች። ዘንድሮ የዓመት ፈቃዴን ስወስድ ለእኔና ለባለቤቴ ትኬት ቆርጣ ጠርታናለች። ደስታውስ ደስታ ነው። ግን እዚያ በምንሆንበት እሑድ የከተማችን የእግር ኳስ ክለብ አባ ጅፋር ይጫወታል። ባለቤቴ ከአሁኑ «እዚያም ሄደህ ስልክ ላይ ከተደፋህ ወዮልህ» ብላኛለች። እኔ ደግሞ ውጤቱን ሳልሰማ መዋል አልችልም። እነሱ ሲወጡ ቤት ልቅር? ወይስ ለአንድ ቀን ልተወው? እርስዎም ደጋፊ መሆንዎን ስለማውቅ ነው መጠየቄ።

መልስ

ወንድሜ፣ ቤትም አትቅር፣ ጨዋታውንም አትተው። ባለቤትህ የጠላችው ኳሱን አይመስለኝም፤ ስልኩን ነው። ሁለቱን ለያይተህ እያቸው።

የእኔን ልንገርህ። ታኅሣሥ 2011 አባ ጅፋር በአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ሲገናኝ እኔ እስክንድርያ ነበርኩ። ለኳስ ብዬ አልሄድኩም፤ እዚያ የሚኖር ዘመድ ጠርቶኝ ነው። ጅቡቲ ቴሌኮም የሚባለውን ክለብ አልፈን አል አህሊ ደረሰን። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፍን። የመልሱ ጨዋታ እኛ አገር ነው። እስቲ አስበው፤ ግብፆቹ እኔ አገር ሄደዋል፣ እኔ እነሱ አገር ቁጭ ብያለሁ።

የዚያን ዕለት ስልኬን ዘመዴ ቤት ቻርጅ ላይ ትቼው ወጣሁ። ጠዋት ፉል በላን። የእነሱ ፉል ጠሂና የሚሉት የተፈጨ ሰሊጥና ሎሚ ይገባበታል፤ ቃሪያ ናፈቀኝ እንጂ ይጣፍጣል። ከዚያ በራምል ትራም ዞርን። መስመሩ በፈረንጅ 1863 የተከፈተ ነው። ቀስ ብሎ ነበር የሚሄደው፤ ለሚቸኩል ሰው አይሆንም ነበር፣ ለእረፍት ግን እሱን የሚያህል አልነበረም። የቃይትባይን ምሽግም አየን። የጥንቱ የፋሮስ መብራት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው የተሠራው። በታኅሣሥ ባሕሩ ኃይለኛ ነው፤ ማዕበሉ ግንቡን እየዘለለ መንገደኛውን ያረጥባል። ጅማ በዚያ ሰዓት ፀሐይ ነው፣ ሰው ቡና ለቀማ ላይ ነው። እኔ ጃኬቴን ደርቤ እንቀጠቀጣለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጨዋታው ሲደርስ ቴሌቪዥን ያለው ቡና ቤት ገባን። እዚህ ላይ ስለ ቡናው ሳልናገር አላልፍም። እጀታው በረዘመ ትንሽዬ የነሐስ ዕቃ ነው የሚያፈሉት። ስኳሩ አብሮ ስለሚፈላ ስታዝ ነው መጠኑን የምትናገረው፤ ከመጣ በኋላ ልጨምር፣ ልቀንስ የለም። አተላውም ሲኒው ውስጥ አብሮ ይመጣል። እስኪዘቅጥ ካልታገሥክ ታኝከዋለህ። የጅማ ሰው ሆኜ የሰው አገር ቡና አላጣጥልም። ግን ቶና የለው፣ በረካ የለው። አንዷን ሲኒ ይዘው ሰዓታት ይቀመጣሉ።

አስተናጋጁ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። «ጅማ» አልኩት። ቴሌቪዥኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቀ። ወንበሬን ጎትቶ ፊት ለፊት አስቀመጠኝ። ዘመዴ ኳስ ነገሩም አይደል፤ ከጎናችን ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ዶሚኖ ጀመረ። 1 ለ 0 አሸነፍን! በድምር 2 ለ 1 ወደቅን እንጂ። እነሱ «አለፍን» ብለው ደስ አላቸው፣ እኔ «አል አህሊን አሸነፍን» ብዬ ደስ አለኝ። የምሽቱን ዓሣ ዘመዴ ነው የጋበዘኝ። በዶሚኖው ተሸንፎ ነበርና ከእኔ ይልቅ እሱ አኩርፎ ነበር።

ወደ አንተ ልመለስ። አባ ጅፋር በ2014 ከፕሪሚየር ሊጉ ከወረደ ወዲህ እንደ በፊቱ በዲኤስቲቪ አታገኘውም። ስለዚህ ዱባይ ላይ ቴሌቪዥን ፍለጋ አትንከራተት። ሊንክ እያሳደዱ መዋልም ይቅርብህ፤ ሲከፈት ይቆማል፣ ሲቆም ትናደዳለህ፣ ባለቤትህ የፈራችውም ይኸንኑ ነው። ይልቅ ስታዲየም የሚገባ አንድ ሰው ያዝ። ጎል ሲገባ፣ ለእረፍት ሲወጡና ሲያልቅ ድምፁን ቀርጾ በዋትሳፕ ይላክልህ። ቀጥታ የዋትሳፕ ጥሪ ዱባይ ላይ ታግዷል፤ የድምፅ መልእክት ግን ይገባል። እዚያ ያሉ ልጆች ለመደወል ቦቲም የሚባለውን ነው የሚጠቀሙት፣ እህትህ ታሳይሃለች። የምትመርጠው ሰው ላይ ተጠንቀቅ። ኮርነር በተመታብን ቁጥር «አለቀልን» የሚል ጓደኛ ሁላችንም አለን፤ እሱን ተወው።

ሰዓቱንም አትሳት። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። ጨዋታው በእኛ 9 ሰዓት ከሆነ እዚያ 10 ሰዓት ነው፤ ስልክህ ላይ 16:00 ይልሃል። ለባለቤትህ ይህን ቀድመህ ንገራት፤ «ከዚህ እስከዚህ የኔ ነው፣ የቀረው ያንቺ» በላት። በፈረንጅ ከ2022 ወዲህ እዚያ ብዙ መሥሪያ ቤት ቅዳሜና እሑድ ስለሚዘጋ ምናልባት እህትህም ዕረፍት ትሆናለች።

ጠዋት አብራ በምትባለዋ ጀልባ ክሪክ የሚሉትን የባሕር ወሽመጥ ተሻገሩ። ዋጋዋ አንድ ዲርሃም ነው፤ በዚያ ከተማ በአንድ ዲርሃም ሌላ ምን እንደሚገኝ እንጃ። ዴራ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤት አለ። ምሳ በልታችሁ ቡና እስኪፈላ ጨዋታው ይጀምራል። ሴቶቹ ያወራሉ፣ አንተ መልእክትህን ትጠብቃለህ። ከተሸነፍን ደግሞ ፊትህን አታጥቁር። እህትህ ትኬት የቆረጠችው ኩርፊያህን ለማየት አይደለም።

ጥያቄ

ከአጎቴ ጋር ተከራከርን። አባ ጅፋር የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የበላው ወደ ሊጉ ባደገ በስንተኛው ዓመት ነው? እሱ በሦስተኛው ይላል። (ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ

አጎትህ ይክፈል። በ2010 ነው፤ በዚያው ባደገበት የመጀመሪያ ዓመት። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ልዩነት ነው የበላው። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መቀለ 70 እንደርታን ይዞ ዋንጫውን ደገመው። ለዚያ እስከዛሬ ቅር ይለኛል።