ለነባር ሕዝቦች ልጆች የተሰበሰበው ገንዘብ በየት በኩል ይሂድ?

ጥያቄ፦ በካናዳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ያቋቋምነው መረዳጃ ማኅበር ነን፤ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት ተመዝግበናል። ሴፕቴምበር 30 የሚከበረውን የእውነትና የዕርቅ ቀን ምክንያት አድርገን ለአንድ የፈርስት ኔሽን (የራሱ አስተዳደር ያለው የካናዳ ነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ) ልጆች ትምህርትና ባህል 18,000 ዶላር አሰባስበናል። እዚያ እናቶች የመሠረቱት የቋንቋ ቡድን አለ፤ ግን አልተመዘገበም። ቼክ ጽፈን ብንልክላቸው ያስጠይቀናል? ገንዘቡስ ምን ላይ ቢውል ይሻላል?

መልስ፦ ዝም ብሎ መላክ ያስጠይቃል። ቼኩን ከመጻፋችሁ በፊት የካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የተፈቀደላቸው ተቀባዮች ዝርዝር ተመልከቱ። ብዙ የፈርስት ኔሽን አስተዳደሮች የመንግሥት ሥራ የሚሠሩ ሕዝባዊ አካላት ተብለው እዚያ ተመዝግበዋል። የእነዚህ እናቶች አስተዳደር ካለበት፣ ገንዘቡን ለቋንቋ ቡድኑ ሥራ ብቻ እንደሚውል በደብዳቤ ገልጻችሁ ለአስተዳደሩ መስጠት ትችላላችሁ። እኛ የምንመርጠው ይህን ነው፤ ወረቀቱ ትንሽ ነው። አስቀድማችሁ ግን እናቶቹን ጠይቁ፤ ከአስተዳደሩ ምክር ቤት ጋር የማይስማሙ ከሆነ ገንዘቡ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

አስተዳደሩ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ሁለተኛ በር አለ። በ2022 በተሻሻለው ሕግ መሠረት የተመዘገበ ድርጅት ላልተመዘገበ ቡድን ድጎማ መስጠት ይችላል። ሥራው ከማኅበራችሁ ዓላማ ጋር መግጠም አለበት፤ ገንዘቡ ለዚያ ሥራ ብቻ መዋሉን ማረጋገጥና በሰነድ ማስረዳት የእናንተ ድርሻ ነው። የጽሑፍ ስምምነት ተፈራረሙ፣ ክፍያውን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ክፈሉት፣ አጭር የወጪ መግለጫ ተቀበሉ። በበጀት ዓመቱ ለአንድ ቡድን የሰጣችሁት ከ5,000 ዶላር ካለፈ ከዓመታዊ ሪፖርታችሁ ጋር ቲ1441 የተባለውን ቅጽ ትሞላላችሁ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ ገንዘቡን ስትሰበስቡ «ለእነዚህ እናቶች እናስተላልፋለን» ብላችሁ ቃል ገብታችሁ ከሆነ፣ ላልተመዘገበ አካል እንዲተላለፍ በሚል ቅድመ ሁኔታ ስጦታ መቀበል ምዝገባን ሊያሰርዝ ይችላል። የጥሪ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ አንብቡት። እንዲህ የሚል ቃል ካለበት ወይ በአስተዳደሩ በኩል ስጡ፣ ወይ የበጎ አድራጎት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። ለወደፊቱ ዓላማውን ብቻ ጻፉ፤ ተቀባዩን የሚወስነው የእናንተ ቦርድ መሆኑንም አስታውቁ።

ምን ላይ ይዋል ለሚለው፣ ዝርዝሩን እናቶቹ ይጻፉ። የቋንቋ ሥራ ትልቁ ወጪ መጽሐፍ አይደለም። ቋንቋውን አቀላጥፈው የሚናገሩት ብዙውን ጊዜ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ለጊዜያቸው ሊከፈላቸው፣ መጓጓዣና ምግብ ሊቀርብላቸው ይገባል። ልጆችን ወደ ጫካና ሐይቅ ወስዶ ለማስተማር ደግሞ ነዳጅ ያስፈልጋል። በአውሮፕላን ብቻ የሚደረስበት መንደር ከሆነ የጭነት ዋጋ በጀቱን ይበላዋል። «ለሂሳብ ሠራተኛ አንከፍልም» የሚል ገደብ አታስቀምጡ፤ ሪፖርቱን ማን ሊጽፍላችሁ ነው? የሪፖርት ቀንም ከአደን ወቅት ጋር አይጋጭ፤ በጄምስ ቤይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የክሪ ሕዝብ ትምህርት ቤቶች በጸደይ ለዝይ አደን ይዘጋሉ።

የንግግር ሕክምና ወይም የልዩ ፍላጎት ረዳት ከተጠየቃችሁ፣ መጀመሪያ በጆርዳን መርሕ (የፈርስት ኔሽን ልጅ የሚያስፈልገውን አገልግሎት ሳይዘገይ ያግኝ፣ ማን ይክፈል የሚለው ኋላ ይታይ በሚለው ደንብ) በኩል ለፌዴራል መንግሥት ማመልከቻ ገብቶ እንደሆነ ጠይቁ። መርሑ እ.ኤ.አ. በ2005 በአምስት ዓመቱ ባረፈው የኖርዌይ ሃውስ ክሪ ልጅ፣ በጆርዳን ሪቨር አንደርሰን የተሰየመ ነው። ልጁ ያረፈው የፌዴራሉና የማኒቶባ መንግሥታት የቤት ውስጥ እንክብካቤውን ማን ይክፈል እያሉ ሲከራከሩ ሆስፒታል እንደተኛ ነበር። መንግሥት ሊከፍል የሚገባውን በመዋጮ መሸፈን የእናንተን ገንዘብ ያሟጥጣል፣ መንግሥትንም ያሳርፈዋል።

ጥያቄ፦ ለጋሾቻችን የልጆቹን ፎቶና የትምህርት ውጤት ማየት ይፈልጋሉ። መጠየቅ ነውር ነው?

መልስ፦ ውጤቱን ተዉት። በፈርስት ኔሽንስ ዘንድ ስለ ማኅበረሰቡ የሚሰበሰብ መረጃ ባለቤትነቱም፣ ቁጥጥሩም፣ ተደራሽነቱም፣ ይዞታውም የማኅበረሰቡ ነው የሚል የታወቀ መርሕ አለ፤ የወላጅ ፊርማ ብቻ አይበቃም። ፎቶ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው፦ ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥለው ያሳድጉ የነበሩት አዳሪ ትምህርት ቤቶች «በፊትና በኋላ» እያሉ የልጆችን ምስል ለማስታወቂያ ያሳትሙ ነበር። ስንት ክፍለ ጊዜ እንደተካሄደ፣ ስንት ሽማግሌ እንዳስተማረና ገንዘቡ ምን ላይ እንደወጣ የሚገልጽ አንድ ገጽ ለለጋሾቻችሁ ይበቃል። ቡድኑ በፈቃዱ የላከው ምስል ካለ፣ የት የት እንደምታወጡት በጽሑፍ ተስማሙ።