«ያንጸባርቃል» ወይስ «ይጠቁማል»?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የሥነ ልቦና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ ሰዎች ሥዕል ሲያዩ የልብ ምታቸውንና የመዳፍ ላባቸውን በቤተ ሙከራ እለካለሁ። በፈቃደኝነት ቅጹ ላይ «የሰውነት ሲግናሎች የሥነ ልቦና ሂደቶችን ያንጸባርቃሉ» ብዬ ጻፍሁ። ከቢቸና የመጡ አንዲት እናት ሲነበብላቸው «ይኸ ምን ማለት ነው፣ ልጄ?» አሉኝ። እንዴት ላስተካክለው?

መልስ፦ እናታችን የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው። «አንጸባረቀ» የፀሐይ፣ የመስተዋትና የአዲስ ቆርቆሮ ግስ ነው። መስተዋት ፊቱ የቆመውን እንዳለ ይመልሳል፤ ሰውነት ግን በልብ ያለውን እንዳለ አይመልስም።

ሕዝቡ ለዚህ ጉዳይ የቆየ ግስ አለው፦ «አሳበቀ»። «ዝም ቢልም ፊቱ ያሳብቅበታል» እንላለን። ቃሉን እወደዋለሁ፤ አሳባቂ አንድ ነገር መኖሩን ያወራል እንጂ ነገሩን ከሥሩ አያውቀውምና። በልጅነቴ በዋሸራ በኩል፣ ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ለመንገር ተራ የሚጠብቅ ተማሪ መዳፉን በደበሎው ደጋግሞ ሲያብስ አይቻለሁ። ፈርቶ ነበር? ወይስ ቅኔው ሞልቶለት ልቡ ቸኩሎ? ላቡ ይህን አይለይም።

መሣሪያውም አይለየውም። በመዳፍና በውስጥ እግር ያሉ የላብ ዕጢዎች የሚታዘዙት በሲምፓቴቲክ ነርቮች ነው፤ እነዚህ ሳናዝዛቸው ሰውነትን የሚያነቁ ነርቮች ናቸው። ሰው ሲደነግጥም፣ ደስ ሲለውም፣ ከባድ ሒሳብ ሲያሰላም ያመነጫሉ፤ ያን ጊዜ ቆዳው ኤሌክትሪክ ይበልጥ ያሳልፋል። ፈረንሳዊው ሻርል ፌሬ ስሜት ሲነካ የሚመጣውን ይህን ለውጥ በ1888 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ለውጡ ከ1 እስከ 3 ሰከንድ ቆይቶ ይታያል፤ የሚነግረን ግን ሰውዬው መነካቱን እንጂ በምን ስሜት እንደ ተነካ አይደለም። ልብማ ከዚህ ይብሳል። «ልቤ ድው ድው አለ» የፍርሃት አነጋገራችን ነው፤ ተቀምጦ አስፈሪ ሥዕል የሚያይ ሰው ግን መዳፉ እያላበው የልቡ ምት ለጥቂት ሰከንድ ቀዝቀዝ ይላል። ስለዚህ «ፍርሃቱን ለካሁ» አትበል። የለካኸው የልብ ምቱን ነው፤ ፍርሃት ያልኸው የአንተ ግምት ነው።

አማርኛ ራሱ ይህን ልዩነት በከፊል ይዞታል። «አላበኝ» ስል እኔ ተሳቢ ነኝ፤ ነገሩ በእኔ ላይ ይደርሳል። «ፈራሁ»፣ «ደነገጥሁ» ስል ግን ባለቤቱ እኔው ነኝ። ደንቡ ሙሉ አይደለም፤ «ከፋኝ»፣ «ጨነቀኝ»፣ «ደስ አለኝ» ከ«አላበኝ» ጋር ይሰለፋሉ። ቢሆንም ቅጽ ስትጽፍ ይህን ልዩነት ጆሮህ ይስማው።

ወደ ቅጹ ስንመለስ፣ «አሳበቀ» ወቀሳ ስላለበት ተሳታፊውን ምስጢሩ የሚወጣበት ያስመስለዋል። «ያሳያል» ደግሞ ከሚገባው በላይ ይናገራል። «ይጠቁማል» ልኩ ነው፤ ጥቆማ ገና የሚጣራ ወሬ ነውና። «ሲግናል»ን «ምልክት» በለው፤ «የሥነ ልቦና ሂደት»ን ለመምህራንህ አቆየው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ጣትዎ ላይ ኤሌክትሪክ እናደርጋለን» የሚል ቃል ካለበት አውጣው። እንዲህ ከተባሉ እናት ሥዕሉን ሳያዩ መዳፋቸው ያልባል፤ መለኪያህም ከመነሻው ይበላሻል። የላብ መለኪያው በተለመደው አሠራር በሁለት ጣቶች መካከል የሚሰጠው 0.5 ቮልት ነው፤ አንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት አለው። የአንተም መሣሪያ እንዲያ ከሆነ «ከባትሪ ድንጋይ ያነሰ ነው፣ አያምዎትም» ብለህ ጻፍላቸው።

እኔ ብሆን ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ሥዕሉን ሲያዩ የልብዎ ትርታና የመዳፍዎ ላብ ሊለወጥ ይችላል። ለውጡን እንለካለን። ለውጡ አንድ ነገር እንደ ነካዎት ይጠቁመናል፤ ምን እንደ ተሰማዎት ግን የምናውቀው እርስዎ ሲነግሩን ነው።»